ጠላት ከጠፈር ቢመጣ መጀመሪያ የሚልከው ጥይት ነው ወይስ ወረቀት? ለምጽፈው ልብ ወለድ ምክራችሁን ፈልጌ

ሱሉልታ_ማዶ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ቤቶች። ሁለት ዓመት ስጽፈው የቆየሁት የጠፈር ጀብዱ ልብ ወለድ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስ ብሎኛል። እዚህ ቤት ሳይንሱንም ታሪኩንም የሚያውቁ ሰዎች ስላሉ ላማክራችሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ አዲስ አበባ የተራራውን ፊት ሲያይ እኛ ጀርባውን ነው የምናየው። ማታ መብራት ሲሄድ ሜዳው ላይ ወጥቶ ሰማዩን ያየ ሰው ለምን የጠፈር ታሪክ እንደምጽፍ አይጠይቀኝም። ዘመኑ 2140 ዓ.ም. ነው። ማርስ ላይ ከተማ አለ፤ በጁፒተርና በሳተርን ጨረቃዎች ላይ በረዶና ማዕድን የሚቆፍሩ ጣቢያዎች አሉ። ዋናዋ ባለታሪክ ሻለቃ ሰብለ ትባላለች፤ የመንኮራኩር አዛዥ፣ የሱሉልታ ልጅ። ጠላቶቹን «ዝምተኞቹ» ብያቸዋለሁ፤ በሬዲዮ ቢጠሩ አይመልሱም።

ምዕራፍ አንድ ላይ አንዲት እንጨት ተሸካሚ እናት ከነሸክሟ የእንጦጦን ቁልቁለት ስትወርድ ቀና ብላ ሰማይ ላይ እንግዳ ብርሃን ታያለች። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሦስት መቶ መርከቦች ከሳተርን ጀርባ ድንገት ብቅ ብለው ጣቢያውን ያነዱታል። ስጽፈው ልቤ ይመታ ነበር። መልሼ ሳነበው ግን ምንም አልሰማኝም። ያ ሁሉ ሰው ሞቶ አንዱም አላሳዘነኝም። ዝምተኞቹ ለምን እንደመጡ ደግሞ ራሴም አላውቅም። ምን ጎደለው?

ለገጣፎ_ዳር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

የጎደለው እሱው ነው፣ ለምን መጡ የሚለው። ሌባ እንኳ ቤት ሰብሮ የሚገባው የሚወስደው ነገር ስላየ ነው። ሻለቃዋ ግን ደስ ትለኛለች፣ ቀጥዪበት።

ፀሐይና_ጥላ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ትንሽ ልርዘም።

«ከሳተርን ጀርባ ድንገት» የሚለው አይሆንም። ጠፈር ላይ መደበቂያ የለም። ባዶው ሰማይ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ኬልቪን ብቻ ነው የሚሞቀው፤ ፍጡር የሚኖርበት ክፍል ግን እንደ እኛ ቤት ከሆነ 290 ኬልቪን አካባቢ ነው። በኢንፍራሬድ፣ ማለትም በሙቀት ጨረር፣ ለሚያይ መሣሪያ ያ መርከብ በጨለማ ሜዳ ላይ የነደደ ደመራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ጠፈር ላይ ፍሬን የለም። ጎማ የሚይዘው መሬት፣ የሚገታ አየር የለም፤ ለመቆም ያለው መንገድ ሞተሩን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ አዙሮ መተኮስ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ሊያርፍ የሚመጣ ሁሉ ፍሬን ሲይዝ እሳቱ ወደ እኛ ነው የሚዞረው። የቅርቡ ኮከብ ፕሮክሲማ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከዚያ ያህል ርቀት የመጣ መርከብ ፍሬን የሚይዘው ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት ነው። እንጦጦ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 በታኅሣሥ 2012 ስትመጥቅ ምስሏን የሚቀበለው የምድር ጣቢያም እዚያው ነበር። የዛሬው እንጦጦ እንኳ ያንን እሳት ያየዋል። የ2140ው ደግሞ አስቢው።

መሣሪያን በተመለከተ፣ ጨረር የሚተፋ ጠመንጃ አያስፈልጋቸውም። አንድ ኪሎ ድንጋይ በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ቢወረወር የሚይዘው ጉልበት ከ48 ኪሎ ያህል ቲኤንቲ ፈንጂ ጋር ይስተካከላል። ከላይ ሆኖ ድንጋይ ያለው አሸነፈ።

ሱሉልታ_ማዶ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡45

ይህማ ታሪኩን ገለባበጠው! ድንገት መምጣት ካልቻሉ፣ እኛም ለዓመታት እያየናቸው ከሆነ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ምን ያደርጋሉ? እኛስ ምን እናደርጋለን? ሦስት መቶ መርከብ እየመጣ መሆኑን እያወቀ ሰው እንዴት ወደ ሥራው ይሄዳል?

መምህር_ከሰንዳፋ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ፣ ጥያቄሽ ወደ እኔ ሜዳ ስለመጣ ልግባበት። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ክፍል ገብቼ «ጣልያን መቼ መጣ?» ስል ተማሪ ሁሉ «በ1888» ይለኛል። ያ የተሸነፈበት ዓመት ነው። የመጣው በኅዳር 1862 ነው፤ ሲመጣም መድፍ ይዞ አልነበረም። ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል የቀድሞ ሚስዮናዊ ሩባቲኖ ለተባለ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ ከአካባቢው ሱልጣኖች ቁራጭ የባሕር ዳርቻ ገዛ። በዚያው ሳምንት የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። መርከቦች ቆመው የድንጋይ ከሰል የሚጭኑበት ቦታ ፈልገን ነው ተባለ። አሸዋ ነው፣ ውሃ የለው፣ እህል አይበቅልበት፤ ማን ይቆጨዋል?

13 ዓመት ሳይሞላ መንግሥታቸው ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። በጥር 1877 ምጽዋን ያዙ። በጥር 1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ደመሰሷቸው። እንግዲህ ልብ በይ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት በጦር ብቻ አይደለም፣ በውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ውጫሌ ላይ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። አንዲት ግስ ናት አገር ልትወስድ የነበረችው። ዓፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ሰረዙት፣ አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ሆነ። ከአሰብ እስከ አድዋ 26 ዓመት ነው።

በነዚያ 26 ዓመታት ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ያርሳል፣ ይድራል፣ ይከስሳል። ጥያቄሽን ይህ የሚመልሰው ይመስለኛል።

ስለዚህ ሦስት መቶውን መርከብ ወደ ኋላ አቆዪው። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ መርከብ ትምጣ። ማንም የማይፈልገውን አንድ ድንጋይ ትጠይቅ። ዋጋውንም ሳትከራከር ትክፈል።

ሱሉልታ_ማዶ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

መምህር፣ «ሳትከራከር ትክፈል» ያሉት ላይ ስደርስ አከርካሪዬን ብርድ ብርድ አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ገበያ ወጥቶ ዋጋ የማይከራከር ሰው ያስፈራል፣ እናቴ ትሙት! እንዲህ ላድርገው? ሳተርን ላይ በረዶ የሚቆፍር ኩባንያ አለ፣ የአካባቢ ወኪሉ ፌቢ የምትባለውን ጨረቃ ለዝምተኞቹ ያከራያል። ምድር ወሬውን የምትሰማው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው።

ፀሐይና_ጥላ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

ፌቢን የመረጥሽው አውቀሽ ከሆነ እጅ እነሳለሁ። ከዳር እስከ ዳር 213 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከሳተርን 13 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው የምትዞረው። የምትዞረው ግን ወደ ኋላ ነው፤ ትልልቆቹ የሳተርን ጨረቃዎች ከሚሄዱበት በተቃራኒ። ስለዚህ ከፌቢ የተለቀቀ ድንጋይ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ሌሎቹን የሚያገኛቸው ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት መኪና በአንድ መንገድ ግንባር ለግንባር እንደሚጋጨው። ማንም የማይፈልገው ድንጋይ የተባለው የሳተርን ሰማይ በሙሉ የሚመታበት ኮረብታ ነው ማለት ነው። ይህንን ወኪሉ አያውቅም፣ እነሱ ያውቃሉ።

ሬዲዮ_ጠጋኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ስለ ቋንቋው ላንሳ፤ ውል ካለ ቋንቋ አለና። በ1969 ነሐሴ የመጠቁት ቮየጀር የተባሉት ሁለቱ የአሜሪካ መንኮራኩሮች በ55 ቋንቋ ሰላምታ የተቀረጸበት የወርቅ ሸክላ ይዘዋል። የአፍሪካ ቋንቋዎች አሉበት፤ ሉጋንዳ አለ፣ ሶቶ አለ። አማርኛ የለም። ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ ከፍቶኝ ነበር። ዝምተኞቹ ሸክላውን አግኝተውት ቢሆን የማያውቁት ቋንቋ አማርኛ ይሆናል። ሻለቃዋ በእሱ ልትጠቀም አትችልም?

ፀሐይና_ጥላ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሐሳቡ ያጓጓል፣ ግን አንተ ራስህ ሬዲዮ ሠሪ ነህ። አጭር ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ ይመለሳል፤ ኤፍ ኤም ግን ሰንጥቆ ይወጣል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የተናገረው ሁሉ እየሳሳም ቢሆን እየሄደ ነው፣ ከ20 የብርሃን ዓመት በላይ ሄዷል። ፕሮክሲማን ካለፈ ቆየ። ጆሮ ያለው ሰምቶናል።

ሬዲዮ_ጠጋኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

ልክ ነህ። እንደውም ይሻላል። ሰላም ያላልናቸው እኛ፣ ሳናውቀው ስናወራላቸው ኖረናል።

ኮዬ_ፈጬ_አራተኛ_ፎቅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

መምህርን በጣም አከብራለሁ፣ ያሉትም ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልቃወም። ዝምተኞቹ ጣልያን ከሆኑ ጠፈር ድረስ ለምን እንሄዳለን? አድዋን ራሱን እናንብብ። ባዕድ ፍጡር ባዕድ መሆን አለበት። ስግብግብ ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ጠላት ጎረቤቴም ሊሆን ይችላል። እኔ የማነበው የሰው ልጅ በማያስበው መንገድ የሚያስብ ነገር ፈልጌ ነው። በረዶ ከሆነ የሚፈልጉት ሰማዩ ሁሉ በረዶ ነው፣ ማንም ሳያያቸው ከዳር መውሰድ ይችላሉ። ለምን ሰው ጋ መጡ? ለምንስ ዝም ይላሉ? ስማቸው ዝምተኞቹ ነው፣ ዝምታቸው ግን እስካሁን ምንም ሥራ አልሠራም።

ሱሉልታ_ማዶ
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 7፡30

እንቅልፍ አሳጣኸኝ ወንድሜ፣ ግን በመልካም ነው። ከአልጋዬ ተነሥቼ ነው የምጽፈው።

ዝም የሚሉት አንድ ነገር አንዴ ብቻ ስለሚናገሩ ነው። ለእነሱ የተነገረ ቃል አይመለስም፣ አይሻሻልም፣ አይሰረዝም። ሐሰት ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ «ሐሳቤን ቀየርኩ» የሚለውን ግን አያውቁትም። አንዱ በሕይወቱ ሃያ ወይም ሠላሳ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ እያንዳንዱን ይኖርበታል። የመጡት በረዶ ፈልገው አይደለም። መቶ ዓመት ሙሉ ስናወራ ሰምተውናል፤ ስንምል፣ ቃል ስንገባ፣ ስንዝት፣ እንግዳ ስንጋብዝ። ለእነሱ ያ ሁሉ የተፈረመ ነው። «ኑ» ያለ ድምፅ ሰምተው ነው የመጡት፤ ውሉ ላይ ደግሞ «ይቻላችኋል» የሚል ቃል አለ። በእነሱ ቋንቋ የሚቻል ነገርና የሚደረግ ነገር አንድ ግስ ነው። አንዴ ይቻላል ከተባለ ተደርጓል።

ጦርነቱ የሚነሣው ምድር ውሉን የሰረዘች ዕለት ነው። ለእኛ መብታችን ነው፣ መምህር እንዳሉት ዓፄ ምኒልክም አድርገውታል። ለእነሱ ግን ቃሉን የበላ ፍጡር እንደ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ከሰማይ ላይ ማጥፋት ግዴታቸው ይሆናል። በጥላቻ የሚያደርጉት አይደለም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ኮዬ_ፈጬ_አራተኛ_ፎቅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡00

አሁን ባዕድ ሆኑ። ይህንን አነባለሁ።

መምህር_ከሰንዳፋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጁ የተቃወመው በቦታው ነው፣ ተቀብያለሁ። ያንቺም መልስ ከእኔ ምሳሌ አልፎ ሄዷል።

የጎጃም_በር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ በእናንተው በሱሉልታ በኩል ነው የምመላለሰው። ምሳ ላይ ሆኜ ሁሉንም አነበብኩት። እህት፣ እንዴት እንደሚሸነፉ አስበሽበታል? ፊዚክሱ ወንድማችን ሙቀት መደበቅ አይቻልም ሲል አንድ ነገር መጣልኝ። ጭነት ይዤ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ብቻ አይደለም፣ የሙቀት ጌጁ ላይም ነው። መርፌዋ ወደ ቀይ ስትጠጋ ጥግ ይዤ ሞተሩን ሳላጠፋ አቆማለሁ፣ ረዳቴ ውሃ ያወርዳል። ክዳኑን ወዲያው የከፈተ ፊቱ ይቃጠላል፤ ጨርቅ አድርጎ፣ ትንፋሹን አስወጥቶ ነው። አዲስ ሞተር፣ አዲስ ጎማ ቢኖርህ ራዲያተሩ ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ አለቀልህ። የእኛን ደግሞ ንፋስ ያግዘናል። ጠፈር ላይ ንፋስ የለም። ያ ሁሉ እሳት የሚተፋ መርከብ ሙቀቱን የት ነው የሚጥለው?

ፀሐይና_ጥላ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00

ተማሪዎቼ እንዲህ ቢጠይቁኝ! መልሱ በጨረር ብቻ ነው የሚል ነው። አየር ስለሌለ ሙቀቱን በሰፊ ክንፍ መሰል ራዲያተር ወደ ባዶው ማብራት አለበት። ሞተሩ በጎለበተ ቁጥር ክንፉ ይሰፋል፣ ክንፍ ደግሞ ጋሻ ሊለብስ አይችልም፣ ከለበሰ አያበርድም። ሾፌራችን የጠላትን ጉሮሮ አገኘው።

መምህር_ከሰንዳፋ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡20

መቀሌ! እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ላይ ጣልያኖች ግንብ ሠርተው ሲጠባበቁ ግንቡን በጥቃት መውሰድ ብዙ ሰው አስጨረሰ። እቴጌ ጣይቱ የውሃው ምንጭ ይያዝ አሉ፤ ጦራቸውም ያዘው። ምሽጉ በውሃ ጥም ተለቀቀ። ሻለቃሽ መርከቦቹን አትምታ፣ ማቀዝቀዣቸውን ትምታ።

ሽሮሜዳ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ስለ ምዕራፍ አንድ ማንም ስላልተናገረ እኔ ልናገር። እናቴ እንጦጦ እንጨት ስትሸከም ነው አራታችንን ያሳደገችን። እህቴ፣ ሸክም ላይ ያለች ሴት ቀና ብላ ሰማይ አታይም። አትችልም። ቅጠሉና ጭራሮው ከወገብ እስከ ጭንቅላት በላይ ነው የሚታሰረው፣ ገመዱ ደረት ላይ ያልፋል፣ ግንባሯ ወደ ጉልበቷ ይቀርባል። የምታየው እግሯን ነው፣ ቀጥሎም የሚረገጠውን ድንጋይ። እናቴ የእያንዳንዷን ጓደኛዋን ተረከዝ ታውቅ ነበር፤ ፊታቸውን ከመንገድ ውጭ ብታገኘው ግን ለአፍታ ግር ይላታል።

ሌላው ደግሞ፣ በ2140 ሴቶች አሁንም እንጨት ይሸከማሉ ብለሽ ነው? መርከብ ሳተርን ደርሶ? ለማሳመር ከሆነ እባክሽን ተይው። እናቴ ያንን ጀርባ ለልጅ ልጆቿ ልታወርስ አልነበረም የወጣችው የወረደችው። ዛሬ ራሱ እንጦጦ ላይ ባህር ዛፉ እየተነሣ ጽድና ኮሶ እየተተከለ ነው። በሚያዝያ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሰኔ ሲገባ ችግኙ ይተከላል። የልጅ ልጆቿ ሽቅብ የሚወጡ ይሁኑ፣ ለችግኙ ፍግ ተሸክመው።

ሱሉልታ_ማዶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡35

ይቅርታ እህቴ። ከልቤ ነው። ሳላስብ ነው የጻፍኩት፣ በየቀኑ ሳያቸው ኖሬ አላየኋቸውም ማለት ነው። ፍግ ተሸክመው ይወጣሉ፣ እቀይረዋለሁ።

ሰማዩን ካላየች ብርሃኑን በምን ታውቀዋለች? ጥላዋ ላይስ? መሬት ላይ ጥላዋ ሁለት ቢሆንባት?

ፀሐይና_ጥላ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

ጥላው ይሠራል። ቬነስ እንኳ በጣም ስትደምቅ ደብዘዝ ያለ ጥላ ትጥላለች፣ የቀረበ ሞተርማ የባሰ ነው። አቅጣጫውን ግን ልስጥሽ። በሚያዝያ መጨረሻ የፕሮክሲማ ጎረቤት አልፋ ሴንታውሪ ከሌሊቱ 6፡30 አካባቢ ወደ ደቡብ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ከእንጦጦ ሲታይ ከከተማው መብራት በላይ፣ በአቃቂ በኩል ማለት ነው። አሥር ሰዓት ላይ ወደ መጥለቂያዋ ዝቅ ብላለች። ከዚያ በኩል የሚመጣ መርከብ ብርሃኑ ዝቅ ስለሚል ጥላውን ያረዝመዋል። ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል የምትወርድ ቢሆን ብርሃኑ ፊቷ፣ ጥላው ከኋላዋ ይሆን ነበር፣ አታየውም። ሽቅብ ስለምትወጣ ግን ጥላው ከፊቷ ዳገቱ ላይ ይወድቃል። ክረምት ላይ አታድርጊው፣ ደመናው ሁሉንም ይውጠዋል።

ሱሉልታ_ማዶ
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 5፡10

አዲሱ የምዕራፍ አንድ መክፈቻ ይኸው፦

«ሚያዝያ 25፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። ሃያ አንድ ሴቶች በአንድ መስመር ዳገቱን ይወጣሉ። በየጀርባቸው በጆንያ የታሰረ ፍግ አለ፤ ሙቀቱ በነጠላው አልፎ ይሰማል። ማንም አያወራም፣ ትንፋሽ ለዳገቱ ነው። አበበች ከፊቷ የምትሄደውን የልጅነት ጓደኛዋን ተረከዝ ብቻ ታያለች፤ ተነሣ፣ ወረደ፣ ተነሣ። ጨረቃ በስተግራዋ ናት፣ ጥላዋም በስተቀኟ ድንጋዩን እየላሰ አብሯት ይወጣል። ዐሥራ ሁለት ዓመት የምታውቀው ጥላ ነው።

የውሃ ቦዩ ጋ ስትደርስ ሌላ ጥላ አየች። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ከራሷ እግር ተነሥቶ ፊት ለፊቷ ዳገቱን ይወጣል። ጆንያው አለበት፣ የነጠላዋም ጫፍ አለበት። ስትቆም ቆመ።

‹ባትሪሽን አጥፊው› አለች ሳትዞር። መልስ የለም። ያኔ ትዝ አላት። ከኋላዋ ማንም አልነበረም፣ የመጨረሻዋ እሷ ነበረች።»

መምህር_ከሰንዳፋ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡40

ሚያዝያ 25ን አይቻታለሁ፣ ልጄ።

ሽሮሜዳ_ልጅ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለእናቴም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፣ አንድ እርማት አላት፦ «አጥፊው» አይባልም፣ ጅብ ስላለ ማንም ባትሪ አያጠፋም። «ባትሪሽን ዝቅ አድርጊው» ነው የሚሉት።